ሐምሌ ላይ የሚወቀጥ በርበሬ

ሰሞኑን ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ በርበሬ ታስፈጫለች፤ ከኋላዬ ደግሞ ዝናብ ያበሰበሰው አንድ ሰውዬ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ገብቶ ተጠጋኝ። የበርበሬው ብናኝና የረጠበው ብርድ ልብስ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ተገናኙ። ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቡጢዬን ጨብጬ ቀረሁ። ሴትዮዋ ዞር ብላ ስታየኝ ልነርታት የተዘጋጀሁ ሳይመስላት አልቀረም፣ "እሺ እህቴ፣ ቅደሚ" ብላ ወረፋዋን ለቀቀችልኝ። በዚህች አገር ያለ ጭቅጭቅ ወረፋ የተለቀቀለት ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ላስረዳት አልሞከርኩም። እነዚያ ሁለት ሽታዎች አንድ ላይ ሲመጡ የሚወስዱኝ አንድ ቤት አለ። ጎንደር ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ። ጊዜው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ያለፈበት ክረምት ነው። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ሌላ ገና አልበቀለልኝም።

አባቴ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሰፈሩ ግን "የሰው ሽንት ሲያይ የሚውለው" እያለ ነበር የሚያውቀው። እሱና እናቴ ጴንጤ ሆነዋል። ይህን ቃል እኛ ቤት ማንም አይጠራውም፤ እኔም ትርጉሙን አላውቀውም። የማውቀው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ እንደሚመጡ ነው። አንድ ላይ አይመጡም። አንዷ ምጣድ ልትዋስ የመጣች ትመስላለች፤ አንዱ የሰበረውን ዣንጥላ ይዞ አባቴ እንዲጠግንለት ይመጣል። ያ ዣንጥላ ክረምቱን ሙሉ አልተጠገነም። የሁሉ መሪ የሆነው ወንድም ታምራት የሒሳብ አስተማሪ ስለነበር ጠመኔ ኪሱ ከትቶ "ልጅቷን ላስጠና ነው" ይላል። ትምህርት በተዘጋበት ክረምት፣ ጎልማሳ ሴትና ወንድ ተሰብስቦ የሚያስጠናት ልጅ እኔ ነኝ እንግዲህ። ሰፈሩ እኔን ሲያይ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። ከጎንደር እስከ ደባርቅ እንደኔ ያለ ደደብ ተፈልጎ እንደማይገኝ ያልተስማማ ጎረቤት አልነበረም።

አባቴን ምን እንደሚፈራ የጠየቀው ሰው ሲኖር፣ "ሕጉማ ፈቅዷል፤ ያልፈቀደው ጎረቤት ነው" ይል ነበር። ቤቱ የኪራይ ነው። እድሩ የሰፈሩ ነው። ከእኛ በፊት እንዲህ የተጠረጠሩ ሰዎች ቆርቆሮ ላይ ሌላ ዓይነት ዝናብ ዘንቧል፤ የድንጋይ።

ስለዚህ ሰዎቹ ሲሟሉ በሩ ይቀረቀራል፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል። ብርድ ልብሱ ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ላይ ስለነበር ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ከዚያ መዝሙር ይጀመራል፣ በሹክሹክታ። ጭብጨባው በጣት ጫፍ ነው። እልልታው ደግሞ በትንፋሽ ነው፤ ምላስ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እናቴ እልል ስትል ላያት ሰው ትኩስ ድንች ጎርሳ መትፋት ያፈረች ነበር የምትመስለው።

እኔ ነገሩን በራሴ መንገድ ተርጉሜዋለሁ። ያን ጊዜ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ መስኮት ይሸፈናል፤ ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። ጠያቂ ሲመጣም ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ቀስ ብሎ አጉረምርሞ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ እግዜር ኩፍኝ ይዞት እኛ ቤት ተኝቷል ብዬ ደመደምኩ። ለምን እኛ ቤት እንደሆነም አላስቸገረኝም፤ አባቴ የሆስፒታል ሰው ነው። ልቤ በጣም ያዝንለት ነበር። አንድ ቀን የሸንኮራ አገዳዬን ቁራጭ ሲድንልኝ ይመጥጠው ብዬ ከአልጋው ሥር አስቀመጥኩለት። ጉንዳን ወረሰው።

ችግሩ የእኔ ድምፅ ነበር። ሹክሹክታ አልተፈጠረልኝም። አዘዞ ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን እኔ ስጮህ ደንግጦ አንድ ጊዜ ዞሮ ነበር የሚያርፈው። ከሰዎቹ ጋር ልዘምር ስሞክር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ እጅ አፌን ሊይዝ ይነሳል። በመጨረሻ እናቴ መላ አገኘች። ጓዳ በር ላይ ሙቀጫ አስቀምጣ ዘነዘናውን አስያዘችኝ። ሥራዬ መውቀጥ ነው፤ እነሱ እስኪጨርሱ። ምልክታችንም ቀላል ናት። እናቴ ከውስጥ ቡጢዋን ከጨበጠች እወቅጣለሁ፤ መዳፏን ከዘረጋች አቆማለሁ። እንግዲህ በዚያች ከተማ የጸሎት ጄኔሬተር የነበርኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ሙቀጫው ባዶ ነበር። አያሌ እሑድ ባዶ ሙቀጫ ደበደብኩ። አንድ ቀን ከግድግዳ ወዲያ የምትኖረው ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ እናቴን ደጅ ላይ ያዘቻት። እማማ ዘይነባ ቅመም ነጋዴ ናት፤ ቤተሰቧ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ገበያ ውስጥ ያደገ እስላም ነው። እናቴ ላብ አጠመቃት።

"አለሜ፣" አለቻት፣ "ሐምሌ ላይ ምን በርበሬ አግኝተሽ ነው የምታስወቅጪ?"

እናቴ አንድ ሁለት ነገር ቀባጠረች። እማማ ዘይነባ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና፣ "ባዶ ሙቀጫ ሲመታ ይሰነጠቃል። ሙቀጫው ያሳዝነኛል። የሚወቀጥ ከቸገራት እኔ እልክላታለሁ" አለች። 

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በወንዶች ልጆቿ እጅ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ይላክልን ጀመር። እኔ እወቅጣለሁ። ብናኙ በጓዳው በር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰዎቹ በሹክሹክታ እየዘመሩ በሹክሹክታ ያስነጥሳሉ። የሚያለቅሱትም ከመንፈስ ይሁን ከሚጥሚጣ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። በዚያ ክረምት ገበያ የወጣው የእማማ ዘይነባ በርበሬ ሁሉ በጸሎት የተወቀጠ ነው። ማንም የበላው ሰው ቅሬታ አላቀረበም።

ጾመ ፍልሰታ ሲገባማ ከቄሶቹ በላይ ጾምን። አባቴ እንዳይጠረጠር ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጭልፋ አያስነካም ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን "እነ አለምነሽን አታዩም" እያሉ በእኛ ይቀጧቸው ነበር።

ዝናብ ሲመጣ ግን ፌሽታ ነው። የጎንደር ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን መዝሙር ጥይትም አይሰማም። ያን ጊዜ ወንድም ታምራት እጁን ያነሳል፣ ሁሉም አፉን ይከፍታል። እኔም ዘነዘናዬን ጥዬ ገብቼ እጮሃለሁ። እነዚያ የሹክሹክታ ሰዎች ለካስ ድምፅ አላቸው! እናቴ ለካስ እልል ትችላለች! አንዳንዴ ታዲያ ዝናቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጥ ይላል። "ሃሌ..." ብለው "ሉያ"ውን ውጠው ይቀራሉ። ያን ዝምታ ያላየ ሰው ዝምታ አያውቅም። ሁሉም አፉን እንደከፈተ ጣሪያውን ያያል።

ከእነዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሰው ነበር፣ አያ ልሳኑ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። የድብ ባሕር ሰው፤ በልጅነቱ ለዜማ ትምህርት ወደ ጎንደር መጥቶ እዚያው መሪጌታ ሆኖ የቀረ። ሚስቱ እትዬ ጥሩ ከሞተች በኋላ ብቸኝነት እየገፋው እኛ ቤት ማምሸት ጀመረ። አባቴ ሲያነብ ይሰማል፤ ይከራከራል፤ በግእዝ ያፋጥጠዋል። አንድ ቀን መከራከሩን ተወ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ መሪጌታ ማለቱን ትቶ አያ ብቻ ይለው ጀመር፤ ያም የሚጠራው ሲገኝ ነው።

ሲዘምር ማየት አይጠገብም። አንገቱ ትከሻው ላይ የሌለ መቋሚያ የተደገፈ ይመስል ዘንበል ይላል፤ እግሩ ከበሮ በሌለበት ከበሮ ይከተላል። ድምፁን ግን እንደሌሎቹ አፍኖ ነው። ያን የመሰለ ድምፅ ማፈን በሬን ጆንያ ውስጥ መክተት ነው። ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ይገተራል። እኔን መለከቴ ይለኝ ነበር። "ምነው እነዚህ ሰዎች ያንቺን ድምፅ ለእኔ፣ የእኔን ዝምታ ላንቺ ባደረጉት" እያለ ይስቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጠዋት እኔን አስከትሎ ወደ ደብሩ ይሄዳል። ወደ ውስጥ አይገባም። ከግቢው ውጭ የድንጋይ ግንቡን በመዳፉ እየዳሰሰ ይዞራል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ከግንቡ በላይ የአንዲት ጽድ ጫፍ ትታያለች።

"ከዚህ ድንጋይ ጀርባ ናት" ይለኛል። እትዬ ጥሩን ማለቱ ነው። "ጽዷን የተከልኩ እኔ ነኝ። ከጽዷ ወዲያ እሷ፣ ወዲህ እኔ። ሸጋ ቦታ ናት፤ ጠዋት ፀሐይ ታገኛለች።"

እኔም ግንቡን እንደሱ እዳስሳለሁ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። አያ ልሳኑ ለምን በበሩ ገብቶ አጠገቧ እንደማይቀመጥ ብጠይቀው፣ "እየጠበቅሁ ነው" አለኝ። ወረፋ መሰለኝ።

በዚያ ደብር የሚያገለግሉት መምሬ ዘለቀ የቤተሰባችን ንስሐ አባት ነበሩ፤ ከዚያም በላይ የአያ ልሳኑ የተማሪ ቤት ጓደኛ። አንድ ጎጆ አድረው፣ አንድ ቁራሽ ተካፍለው፣ በአንድ መምህር አርጩሜ ተገርፈው ያደጉ ናቸው። አሁን መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ወደ ጫማው። ካለፉ በኋላ ግን ሁለቱም ቆመው ዞር ይላሉ። እኔ አይቻለሁ፤ ተራ በተራ ነው የሚዞሩት፣ አንዱ ሲዞር ሌላው ጨርሷል።

ዝናቡ እየሳሳ ሲመጣ አያ ልሳኑ እየከሳ መጣ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ደሙን ያየው ራሱ አባቴ ነው። የዚያን ቀን ከሥራ መጥቶ እጁን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ፤ ሊላጥ ምንም አልቀረውም። እናቴ ጠየቀችው፣ ሳሙናውን አስቀምጦ አያት። 

አያ ልሳኑን እኛ ቤት አስተኙት፣ መስኮቱ ሥር፣ ያው ብርድ ልብስ እንደተሰቀለ። እኔ ምንም አልገረመኝም። ስንት ወር ከበሽተኛ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ከርሞ ሳይጋባበት ይቀራል? ከእግዜር ተጋብቶበታል። እግዜርም እስከ አሁን እንዳልዳነ አውቄ ነበርና ፈራሁ።

ያን ሰሞን ትልልቆቹ ጓዳ ውስጥ የሚነጋገሩት ስለ ቦታ ብቻ ነው። አያ ልሳኑ ይሞታል፤ ሲሞት የት ይቀመጣል? ደብሩ ካልተቀበለው እድሩ አይወጣም፤ እድሩ ካልወጣ ድንኳን የለም፣ ቃሬዛ የለም፣ የሚቆፍር ሰው የለም። ወንድም ታምራት አፈር አፈር ነው፣ ዋናው ነፍስ ናት አለ። እናቴ እንደዚያ ተቆጥታ አላየኋትም። ወንድሟ ከሚስቱ ጎን እንዳይተኛ የሚያደርግ ነፍስ እንደማታውቅ ነገረችው። መምሬ ዘለቀም በሰው በሰው ልከው ነበር፤ አንዴ መስቀል ይሳም፣ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ ብለዋል። ይህን ለአያ ልሳኑ ሲነግሩት ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

መስከረም አልቆ የመጀመሪያው ደረቅ እሑድ መጣ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ቆርቆሮው ላይ ከወፍ ጥፍር በቀር ድምፅ የለም። ሰዎቹ አልጋውን ከበው በትንፋሽ ይዘምራሉ። እኔ ጓዳ በር ላይ የእማማ ዘይነባን ኮረሪማ እወቅጣለሁ። የእናቴ ቡጢ እንደተጨበጠ ነው።

"መለከቴ" አለ አያ ልሳኑ። ቀና ብሏል። "ተይው ሙቀጫውን።"

እናቴን አየኋት። ቡጢዋ አልተፈታም። ወቀጥሁ።

"አለምነሽ፣ እጅሽን ፍቺ" አላት። እናቴ መዳፏን ዘረጋች። "አንቺ ደግሞ ያንን ብርድ ልብስ አንሽው።"

አልጋው ራስጌ ላይ ቆሜ ጎተትኩት። እርጥቡ ብርድ ልብስ ጭንቅላቴ ላይ ወደቀ፤ ከሥሩ ስወጣ ክፍሉ በብርሃን ተሞልቷል። ሰዎቹ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋረዱ። እኔ እግዜርን አየዋለሁ ብዬ ወደ አልጋው ዞርኩ። አያ ልሳኑ ብቻ ነበር፤ ቢጫ፣ አጥንቱ የወጣ፣ በአየር ላይ የሚበር የኮረሪማ ብናኝ ከብቦት።

መስኮቱን ራሱ ገፋ አድርጎ ከፈተውና ዘመረ። በግእዝ፣ በድሮው ዜማ። ያ ጆንያ ውስጥ የከረመ በሬ ወጣ። ጀመረና ዝቅ አለ፣ ከዝቅታው ተነስቶ ከጣሪያው በላይ ወጣ፣ እዚያው ቆሞ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ መሬት ዳሰሰ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእንዲያ ያለ ገላ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሲያጋንን የሚኖር ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አላጋነንኩም።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ግን አቀረቀሩ። አንዱ ቀስ ብሎ ጫማውን ፈለገ። ወንድም ታምራት መጽሐፉን ከደነና አባቴን በጆሮው፣ ወንድማችን ወደ ድሮው ተመልሷል አለው። በዓይኑ እንባ ነበረ። በጓዳ በር እየተከታተሉ ወጡ። ማን ዣንጥላውን እንደረሳ አስታውሳለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደወጣ አላስታውስም።

ደጅ ደግሞ ሌላ ነው። መጀመሪያ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ቆመች። ቀጥሎ የቆመው ብዙ ነው። ከዚያ አንዷ እልል አለች፤ እውነተኛ እልልታ፣ ድምፅ ያለው። "ተመለሱ፣ መሪጌታ ተመለሱ" እየተባባሉ ግቢያችንን ሞሉት። እኛን ስታይ ምራቋን የምትተፋው የቤት አከራያችን ሳትቀር እናቴን አቅፋ ሳመቻት። ለካስ ውስጥና ውጭ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሰማው፤ አንዱን አስለቀሰ፣ አንዱን አስፈነደቀ እንጂ።

ሕዝቡ መንገድ ሲለቅ መምሬ ዘለቀ ገቡ። ሮጠው ነው የመጡት። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወርዷል፤ መስቀሉን ጨብጠዋል። ትንፋሽ እስኪሰበስቡ አያ ልሳኑ ጠበቃቸው።

"ምነው መሮጥህ፣ ልጅነትህ መስሎህ?" አለ።

"ከደጀ ሰላሙ ሆኜ ሰማሁህ" አሉ መምሬ ዘለቀ። "መጀመሪያ መምህራችን የተነሱ ነው የመሰለኝ።"

"እሳቸውማ ቢነሱ ያቺን ዜማው ለሦስተኛ ጊዜ የሚነሳባትን ተሳስተሃል ብለው ይገርፉኝ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ሳቅ ነበር፤ አያ ልሳኑን አስሳለው። መምሬ ዘለቀ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጽዷን ማንም እንዳይነካት እንዳደረጉ፣ ቦታው እንዳለ መሆኑን ነገሩት። ሸጋ ነው አለ። ከዚያ መስቀሉን ወደ ከንፈሩ አስጠጉት።

"ተመልሰሃል አይደል፣ ልሳኑ?"

"ዘመርኩ እንጂ የት ሄጄ ነው የምመለስ? ያን ጊዜም የምዘምር ለሱ ነበር፣ አሁንም ለሱ ነው። ሰው መሀል እንጂ በሱና በእኔ መሀል ግንብ የለም። እንደ ድሮው ሁን ካልከኝ ግን አልሆንኩም።"

መምሬ ዘለቀ በሩን ዞረው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚያ ቤት ያንሾካሾከ የመጨረሻው ሰው እሳቸው ናቸው።

"እንግዲያው ምንም አትበል። ደጅ ያለው ሰው የሰማውን ሰምቷል። አንተ ዝም በል ብቻ፣ እኔ በፈጣሪ ፊት እሸከመዋለሁ። ዝም በልና ከጥሩ ጎን ተኛ።"

እናቴ መሬት ላይ ተንበርክካ የአልጋውን ልብስ ይዛ ነበር። "አያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዝም ይበሉልኝ" አለችው።

አያ ልሳኑ እኔን አየኝ፣ ሙቀጫውን አየው፣ መሬት ላይ የተቆለለውን ብርድ ልብስ አየው።

"እዚህ ቤት ዝም ስል ከረምኩ፣ ዘለቀ" አለ። ድምፁ ደጅ ድረስ የሚሰማ ነው፤ ሆን ብሎ ነው። "ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ዝም። ጎረቤት ፈርቼ ዝም። አሁን ደግሞ ለመቃብሬ ብዬ ዝም ልበል? በቃኝ። ጴንጤ ነኝ በላቸው።"

ቃሉ እኛ ቤት ውስጥ ሲጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደጅ ያለው እልልታ ውሃ እንደፈሰሰበት እሳት ጭስ ብሎ ጠፋ። እግሮች ሲሄዱ ይሰማል። መምሬ ዘለቀ መስቀሉን መልሰው ደረታቸው ላይ ያዙት። ብዙ ሰው ይቆጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር ይመስለኛል፤ ጎንበስ ብለው ግንባሩን ሳሙት። "እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ" አሉ።  ጥምጥማቸውን ሳያስተካክሉ ወጡ።

አያ ልሳኑ የሞተው በዚያው ሳምንት ነው። የእድሩ ጡሩምባ አልተነፋም። አከራያችን ቤቱን በወር መጨረሻ እንድንለቅ ነገረችን፤ ሬሳው እስኪወጣ እንኳ አልጠበቀችም። አባቴ ቦታ ፍለጋ ሲዞር ዋለ፤ በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባው ከአዘዞ ወዲያ የአባቱን ማሳ ዳርቻ ፈቀደለት፤ የማይታረስ፣ ድንጋያማ። ለመቆፈር የመጡት የእማማ ዘይነባ ወንዶች ልጆች ናቸው። ቃሬዛ ስላልነበረ የበርበሬ ማስጫ ሰሌኗን ሰጠች። አያ ልሳኑ በዚያ ተጠቅልሎ፣ በተከራየነው ጭነት ማኪና ላይ ወጣ።

በደብሩ ጥግ ስናልፍ መምሬ ዘለቀን ቆመው አየኋቸው። ግቢው ውስጥ አይደሉም። ከግንቡ ውጭ፣ ከጽዷ ትይዩ፣ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው። ማኪናው ሲያልፍ ወደ እኛ አልዞሩም። ካለፍን በኋላ ዞር እንደሚሉ አውቅ ስለነበር አንገቴ እስኪጣመም ወደ ኋላ እያየሁ ጠበቅሁ። የማኪናው ጭስ ሸፈናቸው።

ወንድም ታምራትና ሌሎቹም መጥተው ነበር፤ በእግር፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ልማዳቸው እየተንጠባጠቡ። ወንድም ታምራት ዓይኑ አብጧል። ይቅርታ ሊል እንደፈለገ ያስታውቃል፤ የሚጠየቀው ሰው ግን ሰሌን ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእናቴ ሌላ ነገር ነገራት፣ እኛ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እሪ ብለን አናለቅስም አላት። እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። ከሰፈሩ ሙሾ የሚያወርድ የለም፣ እሷም እንዳታለቅስ ተነገራት።

የእማማ ዘይነባ ልጆች አፈሩን መልሰው በእግራቸው ረገጡት፣ ደልድለው ጨረሱና ፈቀቅ ብለው ቆሙ። ሜዳው ላይ ሰው የለም። ጎረቤት የለም፣ ግድግዳ የለም፣ አከራይ የለም። ጤፉ ብቻ ነው፣ ነፋስ ያዘናፍለዋል። እኔ አሁን ነው አልኩ በልቤ፤ አሁን እንደ ዝናቡ ቀን አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ሰማዩ ይሰነጠቃል። ወንድም ታምራት እጁን አነሳ።

በሹክሹክታ ዘመሩ።

ማንም አላዘዛቸውም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጭብጨባው በጣት ጫፍ ነው። ነፋሱ ከእነሱ ይበልጥ ይጮህ ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ከፍ ሊያደርግ ሞከረ፤ ድምፁ ተሰበረና ተመልሶ ወደ ሹክሹክታው ገባ።

በዚህ መሀል ከማክሰኝት ገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ አህዮቹን እየነዳ በመንገዱ ብቅ አለ። ገና ሩቅ ነው። እናቴ አየችው። ፊቷ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን ሆነ። ሳታስበው ይመስለኛል፣ ወደ እኔ ዞራ ቡጢዋን ጨበጠች።

ወቅጪ ማለት ነው። ሙቀጫ የለም። ዘነዘና የለም። ግራ ቀኝ አየሁ፤ የተቆለለው አፈር ላይ መምታት ፈራሁ፣ ከሥሩ አያ ልሳኑ አለ። ያለኝ ደረቴ ነው። ቡጢዬን ጨብጬ ደረቴን መታሁ። ድው። ደግሜ መታሁ። ድው፣ ድው፣ ልክ እንደ ሙቀጫው።

ገበሬው ሲደርስ አህዮቹን አቆመ። ደረቷን የምትደቃ ልጅ አየ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለበሰ። ከሬሳው መውጣት ጀምሮ እንደ አገሩ ወግ ያዘነልን ሰው እሱ ነው።

"እግዜር ያጥናችሁ" አለ። "ማን ነው የሞተባት?"

"አጎቷ" አለ አባቴ።

ሰውየው ነፍስ ይማር ብሎ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ ማሳውን፣ ድንጋዩን፣ ባዶውን ሜዳ ዞሮ አየ።

"ደብሩ ወዴት ነው?" አለ።

አባቴ ዓይኑን ወደ አፈሩ መለሰ። ሰውየው ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፣ አህዮቹን ነድቶ ሄደ፤ ትንሽ ሄዶም ጋቢውን አስተካክሎ ሲለብስ አየሁት። እኔ እየመታሁ ነው። ደረቴ ተቃጥሏል፣ ክንዴ ዝሏል፣ ግን ሥራዬን አውቃለሁ፤ እናቴ መዳፏን ስትዘረጋ ነው የማቆም። ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቀልኩም።

አልዘረጋችውም።